በቀይ የተሰመረበት ዓረፍተ ነገር

የያዙኝ ጠመኔ በእጄ እንዳለ ነው። አጋሮ፣ ጠዋት፣ እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ። ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግህ ነበር» አሉኝ። አምስቷ ደቂቃ አርባ አንድ ቀን ሆነች።

ጅማ ወስደው ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። የገለባው ብናኝ ከግድግዳው ስላልለቀቀ አሥራ ስምንት ሰው ተራ በተራ ያስላል። ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ ስለወሰዱብኝ ሱሪዬን በእጄ ይዤ ገባሁ። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ሱሪውን ይዞ ሲቆም ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል።

መርማሪው በዕድሜ ከተማሪዎቼ ብዙም አይበልጥም፤ ቢሆንም «አንተ» ይለኛል። ፊት ለፊቱ ከክፍሌ የተወሰዱ ወረቀቶች ተደርድረዋል። በዚያ ሳምንት ያስተማርኩት «ኤክስፔክት»፣ ማለትም «መጠበቅ» የሚለውን ግስ ነበር። ተማሪዎቹ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩበት አዝዤ ነበር፤ ሲሳሳቱ እንዳይሳቀቁ ስም አላስጽፍም። አንዱ ላይ በቀይ ተሰምሯል፤ ትርጉሙ «ወንድሜ በቅርቡ ከእስር ወጥቶ ቤቱ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ» ነው።

«ማነው የጻፈው?»

«ስም የለውም።»

ስልኩን አውጥቶ የክፍሌን ጥቁር ሰሌዳ ፎቶ አሳየኝ። «እዚህ ላይ ምን ብለህ ጽፈሃል? ለተስፋ ምክንያት አያስፈልግም፤ ለኤክስፔክት ግን ያስፈልጋል። ታዲያ ይሄ ልጅ ምክንያቱን ከየት አመጣው? ማን ሊያስፈታለት ነው?»

የሚቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አልቀለደም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የግስ ማብራሪያ የክስ ማስረጃ ሲሆን አየሁ። እህት ወንድሟን መጠበቋ በየትኛው አገር ነው ወንጀል የሚሆነው? እህት ያልኩት የእጅ ጽሑፏን ስለማውቅ ነው። ከሊሙ ገነት መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትማር፣ ፊት ወንበር የምትቀመጥ ልጅ ናት።

«ነገ ስሙን ትጽፍና ቤትህ ትገባለህ» አለኝ።

አልዋሽም፤ ልጽፈው አስቤ ነበር። ልጅ ናት፣ ገሥጸው ይለቋታል እያልኩ ራሴን ሳባብል አነጋሁ።

ከጎኔ የሚተኙት ሽማግሌ የጅማው ሄርማታ ሰፈር ልብስ ሰፊ ናቸው። በየማለዳው ሰግደው፣ ብርድ ልብሳቸውን አጥፈው፣ ጫማቸውን ከጆንያ በመዘዙት ክር አስረው ወደ በሩ ዞረው ይቀመጣሉ። ወጣቶቹ «አባባ፣ ዛሬም መንገደኛ ነዎት?» እያሉ ያሾፉባቸዋል። በዚያ ማለዳ ለምን እንደታሰርኩ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«ባርሲሳ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው። «ደግ አስተምረሃል። ወላሂ፣ እኔም ጫማዬን የማስረው ተስፋ አድርጌ አይደለም። ከሰው ልብስ በቀር የሰፋሁት ነገር የለም። ጥፋት የሌለበት ሰው መለቀቅ አለበት። ምክንያት አለኝ።»

አፈርኩ። እሳቸው ግን ከጆንያው ክር መዘዙ፣ በልብስ ሰፊ ጣታቸው አክርረው ሁለቱን ለጫማዬ፣ አንዱን ለሱሪዬ ሰጡኝ።

መርማሪው ፊት የቀረብኩት ሁለት እጄን ነጻ አድርጌ ነው። የተሰመረበትን ወረቀትና ብዕር ገፋ አደረገልኝ። ከዓረፍተ ነገሩ ግርጌ፣ ሁልጊዜ እንደማርመው፣ «ትክክል ነው። አሥር ከአሥር» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ከዚያ የሆነውን አልዘረዝርም። የግራ ጆሮዬ ዛሬም በደንብ አይሰማም። ልጅቷን ግን ማንም አልደረሰባትም፤ ትምህርቷን ጨረሰች።

እኔን ያለ ክስ ለቀቁኝ። ስወጣ ሽማግሌው ጫማቸውን አስረው በሩን ያዩ ነበር። እሳቸውም ከወራት በኋላ ተለቀቁ፤ ለምን እንደታሰሩ እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም።

አሁንም እዚያው ክፍል አስተምራለሁ። በየዓመቱ እዚያ ግስ ላይ ስደርስ ምሳሌውን የምሰጠው እኔ ነኝ፦ «ያሰሩኝ ሰዎች መጥተው ይቅርታ ይጠይቁኛል ብዬ እጠብቃለሁ።» ሁልጊዜ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል።

«ቲቸር፣ ለምን ተስፋ አደርጋለሁ አላሉም?»

«ምክንያት አለኝ» እለዋለሁ።