የአራተኛው እሑድ ሙሾ

ስንዱ አበጀ ሙሾ ማውረድ የጀመረችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ስማዳ፣ ከወገዳ ዝቅ ብላ ባለች መንደር ነበር። ያን ዓመት አጎቷ ገብስ ሊዘራ እርሻ ላይ እንዳለ ልቡን ይዞ ወደቀና በዚያው ቀረ። የታወቀችው አልቃሽ የምትመጣው ከሩቅ ስለ ነበር ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ፣ ግጥም አጥቶ ይጠብቃል። ስንዱ ከእናቷ ጎን ቆማለች። ማንም ሳይጠይቃት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

በሬዎቹ ቆሙ ቀንበር እንዳዘሉ፣
ጌታችን ዘገየ የት ዋለ እያሉ።

አለች። ሴቶቹ ዞር ብለው አዩዋት፤ ወዲያው ለቅሶው እንደ አዲስ ፈላ። አልቃሿ ስትደርስ ሥራዋን ተሠርቶ አገኘችው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ ለቄሱ፣ ቀጥሎ ለስንዱ መላክ ልማድ ሆነ። ሟቹን ባታውቀውም ሁለት ነገር ትጠይቅ ነበር፤ ምን ይወድ እንደ ነበርና ማን እንደ ቀረው። ከዚያ ተነሥታ የሰውየውን ኑሮ ፊት ለፊት ታቆመዋለች። ካሴ የሚባል፣ ነገር የማያበዛ ገበሬ አገባች። ወደ ለቅሶ ስትሄድ በቅሎውን እየሳበ ይሸኛታል፤ ለቅሶው እስኪያልቅ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ይጠብቅና ይዟት ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ጽንስ ካስወረዳት በኋላ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። አይናለም አሏት።

በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ላይ፣ ወባ ከበረሃው ወጥቶ ወይና ደጋውን ገባበት። በቀን ሦስትና አራት ሰው ይቀበር ጀመር። ለቅሶ የሚቀመጠው ቀርቶ ለታመመው ውሃ የሚያቀብል ጠፋ። ካሴ ማክሰኞ ሞተ። አይናለም ዓርብ ሞተች፤ ሰባት ዓመቷ ነበር። ስንዱ ራሷ በትኩሳት እየነደደች፣ በሰው ትከሻ ተደግፋ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደረሰች። በእግራቸው የቆሙት ጥቂት ጎረቤቶች አፏን አፏን ያያሉ። ለአገሩ ሁሉ ያለቀሰች ሴት ለልጇ ምን ትል ይሆን ብለው ነው። ስንዱ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ደግማ ሞከረች። ቄሱን ሌላ ሬሳ ይጠብቃቸው ስለ ነበር ፍትሐቱን አሳጥረው፣ አፈሩን አልብሰው ሄዱ።

እሷ ዳነች። ከዳነች በኋላ ግን በሄደችበት ሁሉ ሐሜቱ ይቀድማት ነበር። ለባዕድ ሲሆን ምላሷ አይደክምም፣ ለወለደቻት ግን አንዲት ቃል ነፈገች ይላሉ። አንዳንዱም ዱሮም ልብ አልነበራትም፣ አፍ ብቻ ናት አለ። መሬቱን ለካሴ ወንድሞች ትታ፣ እንዝርቷንና አንድ ጋቢ ይዛ ወደ ጋይንት ወጣች። ንፋስ መውጫ ከተማ ዳር፣ አልጣሽ ከምትባል ጠላ ጠማቂ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አግኝታ ጥጥ እየፈተለች ተቀመጠች።

አልቃሽነቷ ተከትሏት መጣ። ከስማዳ ወደ ገበያ የሚወጡ ሰዎች ማንነቷን ነገሩባትና ከተሜውም ለለቅሶ ይጠራት ጀመር። ትሄዳለች፤ ለዳኛውም ለወታደሩም ታለቅሳለች፤ ግጥሙ ሳይጠሩት ይመጣል። ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ «አይናለም» ስትል ግን ግጥሙ እዚያው ላይ ይቆማል። ሰባት ዓመት እንዲሁ ሆነ።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ ከተማው የሕዝብ አዳራሽ ሠራ። ቆርቆሮው ከደብረ ታቦር በበቅሎ ተጭኖ መጣ፤ እንጨቱንና ጭቃውን የየቀበሌው ሰው አዋጣ። የበላይ ጠባቂው ቀለመ ወርቅ የሚባል የትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ቀጭን፣ ሲናገር እጁን የሚያወራጭ፣ ያገር ጥበብ በየጎጆው ተሸሽጎ ሊጠፋ ነው እያለ የሚጨነቅ ሰው ነው። ከአዳራሹ በር ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀለና የሚመጣውን ወር ዝግጅት በጠመኔ ይጽፍበት ጀመር።

ይህ መምህር አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሲሞት ከለቅሶው ላይ ስንዱን ሰማት። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ደብተር አውጥቶ ይጽፍ ነበር። በሳምንቱ ከአልጣሽ ግቢ ድረስ መጣና ከደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጦ ነገሩን አስረዳት። ጥቅምት ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑበት ወር በመሆኑ፣ በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ለሕዝብ ይቀርባል። በመጀመሪያው እሑድ የቤተ ልሔም ደብር ተማሪዎች ቅኔ ይዘርፋሉ፤ በሁለተኛው በገና ይደረደራል፤ በሦስተኛው የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ቴአትር ያሳያሉ። አራተኛውን እሑድ ለእሷ ሊሰጣት ይፈልጋል።

ስንዱ መጀመሪያ የሚያሾፍባት መስሏት ነበር። ሬሳ በሌለበት እንዴት ሙሾ ይወርዳል? ለማንስ ብላ ታለቅሳለች?

«ለፈለጉት ሰው ያድርጉት፣ ወይዘሮ ስንዱ» አላት መምህሩ። «ዱሮ ለሞተም ይሆናል። ሰዉ ተቀምጦ ይሰማዎታል።»

ይህን ብሎ ሄደ። እሷ ግን የዚያን ቀን ጥጡን ይዛ ዋለች እንጂ አልፈተለችም። «ሰዉ ተቀምጦ ይሰማዎታል» ያላት ከልቧ አልወጣ አላት። አይናለም ስትቀበር የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ሰልስትም፣ አርባም፣ ተዝካርም አልወጣላትም። ሰው በሞላበት ቤት፣ ወግ ባለው ቀን፣ ስሟ ተጠርቶ ቢለቀስላት ምን ነበረበት?

ነፍስ አባቷ አባ ወልደ ሩፋኤል ነገሩን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። ያለ ሬሳ ማልቀስ ሟርት ነው፣ ደግሞም አዳራሽ የጨዋታ ቤት ነው፣ ለልጅሽ የሚበጃት ጸሎት ነው ብለው መከሯት። ስንዱ እጃቸውን ሳመችና አሁንም ግጥሙ ካልወጣላት ዳግም እንደማትሞክር ነገረቻቸው። በማግስቱ ለመምህሩ እሺ ብላ ላከችበት።

ማንበብ አታውቅም። ወደ ገበያ ስታልፍ ከሰሌዳው ፊት ትቆምና ከጽሑፉ የትኛው እሷ እንደ ሆነች ለመለየት ትሞክራለች። አንድ ቀን አንድ መንገደኛ አነበበላት። «አራተኛው እሑድ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ወይዘሮ ስንዱ አበጀ፣ የሙሾ ግጥም» ይላል። ስሟ ተጽፎ ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

በዚያ ወር ውስጥ ግጥሙ መጣላት። መጀመሪያ አንድ ስንኝ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሌላው፣ እንዝርቱ ሲሾር እየተጎተተ ወጣ። ጮክ ብላ አላለችውም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። አልጣሽ ከግቢው ማዶ እያየቻት ምን ሆነች ትል ነበር።

አራተኛው እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። ከፊት በወንበር የአውራጃው ሹማምንት ተቀመጡ፤ ከኋላቸው በአግዳሚ ላይ መምህራንና ተማሪዎች፤ ከግድግዳው ሥር ከየመንደሩ የወጡ ሴቶች መሬት ላይ ተኮልኩለዋል። ስንዱ ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚደረገው አዘቅዝቃ ለብሳ ከመድረኩ ወጣች። መምህሩ ስለ ሙሾ ጥንታዊነት ብዙ ተናገረ። ምን እንዳለ አልሰማችውም። ሲጨርስ ፊቷን ወደ ሴቶቹ አዞረችና «አይናለሜ» አለች። ድምጿ ወጣ።

የሰው ልጅ ሲሞትማ ግጥም ሞልቶኝ ነበር፣
የራሴ ልጅ ስትሄድ አፌን ሞላው አፈር።

ከግድግዳው ሥር አንዲት አሮጊት «ወይኔ» ብለው ደረታቸውን መቱ። ሌላዋ ተቀበለች። ስንዱ ያን ስትሰማ ሰባት ዓመት የታሰረው ሁሉ ተከታትሎ መጣላት። ስለ ልጇ ፀጉር አለች፣ ስለ አባቷ መቅደም አለች፣ አፈር ስላለበሷት የቸኮሉ እጆች አለች። እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። በመጨረሻም፣

ሰባት ዓመት ኖረሽ ሰባት ዓመት ሞተሽ፣
ዛሬ ገና ደረስኩ እናትሽ ከለቅሶሽ።

አለችና ለቅሶውን ሊቀበሏት እጇን ወደ ሴቶቹ ዘረጋች።

ያኔ አዳራሹ አጨበጨበ። መጀመሪያ የጀመሩት ከፊት የተቀመጡት ናቸው፤ ተማሪዎቹ ደግሞ አንድ ዝግጅት ባለቀ ቁጥር እንዲያጨበጭቡ ተምረዋልና ወዲያው ተከተሉ። ጭብጨባው የሴቶቹን ለቅሶ ዋጠው። አንድ ሹም ከወንበራቸው ተነሥተው ፊታቸው በደስታ እየበራ አጨበጨቡ። ከኋላ አንዱ «ይደገም» አለ። ብዙዎች «ይደገም» አሉ።

ስንዱ የተዘረጋ እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች። እሷ የምታውቀው እጅ የሚጨበጨበው ለሙሽራ ነው። መምህሩ እየሳቀ ወደ እሷ ሲመጣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችው።

«ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም አላጠፉም። ወደውት ነው።»

«ምኑን?»

እሷ በጎን በኩል ባለው በር ወጥታ፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች በገበያው መሐል አልፋ ቤቷ ገባች።

በሳምንቱ የኅዳር ዝግጅት ሰሌዳው ላይ ወጣ። «በሕዝብ ጥያቄ» ተብሎ የስንዱ ስም ከሁሉ በላይ ተጽፏል። መምህሩ ሊነግራት መጣ፤ ሹሙም እንደወደዱላት፣ ደብረ ታቦር ድረስ ሊወስዷት እንዳሰቡ አወራላት። እሷ እየፈተለች ሰማችው።

«ልጄን የምቀብራት አንድ ጊዜ ነው፣ መምህር» አለችው። እሱም ሄዶ ስሟን ከሰሌዳው ላይ ጠረገ።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ግጥሙ ከመምህሩ ደብተር ወደ ተማሪዎች ደብተር ተገልብጦ ነበርና በኅዳር መጨረሻ እሑድ በአዳራሹ መድረክ ላይ አንድ ተማሪ ነጠላ ተከናንቦ፣ ወገቡን ጎበጥ አድርጎ፣ እንደ ስንዱ እያለቀሰ ታየ። አልጣሽ እዚያ ነበረች። ስትመለስ ነገሩን ልትደብቃት ፈልጋ ነበር፤ ፊቷ አላስቻላትም። ሰዉ ምን አለ ብላ ጠየቀቻት ስንዱ። ሰዉ እንደሳቀ ነገረቻት።

መምህር ቀለመ ወርቅ በሳምንቱ መጣ። በዚያ ቀን ለትምህርት ቤት ጉዳይ ወደ ደብረ ታቦር ሄዶ እንደ ነበር፣ ቢኖር እንደማይፈቅድ ተናገረ። ግጥሟ ያለበትን፣ ከደብተሩ የገነጠለውን ወረቀት በሁለት እጁ አቀረበላት። ስንዱ ተቀብላ አገላብጣ አየችው። የልጇ ስም የትኛው እንደ ሆነ ጠየቀችው። በጣቱ አሳያት፤ ከሁሉ በላይ ለብቻው ተጽፏል። ብዙ ጊዜ አየችው። «ይህን የሚያህል ብቻ ነው?» አለችና አጥፋ ከደረቷ ከተተችው። መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በዚያው ዓመት ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ከሄደም በኋላ በሰሌዳው ላይ የሚጽፍ አልተገኘም፤ አዳራሹ የስብሰባ ቤት ሆነ።

ስንዱ ከዚያ በኋላ ለለቅሶ ሲጠሯት ትሄዳለች እንጂ ግጥም አልሰጠችም። ከሰው ኋላ ትቆምና ትመለሳለች። የከተማው ሰው ዝና አኮራት ብሎ ቅር ተሰኘ፤ ቀስ በቀስም መጥራቱን ተወ። አባ ወልደ ሩፋኤል ብቻ አንድ ቀን ጠርተው፣ ካገርሽ ወርደሽ መቃብራቸውን እይ አሏት።

ከጥምቀት በኋላ ስንዱና አልጣሽ በእግር ወረዱ። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ሣር ውጦታል። ሽማግሌው የቅጥሩ ጠባቂ ስንዱን አላወቋትም። የወባው ዓመት ሙታን የት እንዳሉ ስትጠይቃቸው በግንቡ ሥር ያለውን ሜዳ በዘንጋቸው አሳዩዋት። ያን ጊዜ በላይ በላዩ ነበር የቀበርነው፣ የማን የማን እንደ ሆነ አይለይም አሏት። ስንዱ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። የትም ቦታ አልቆመችም። ከዚያ ለፍትሐት ብላ የፈተለችውን ጥጥ ለጠባቂው ሰጥታ ወጣች።

ሲመለሱ ዳገቱ ላይ አልጣሽ ስለ ልጅቱ ጠየቀቻት፤ ሰባት ዓመት በአንድ ግቢ ሲኖሩ አንድም ቀን አልጠየቀቻትም ነበር። ስንዱ ቀስ እያለች ነገረቻት። ጭለማ ትፈራ ነበር። ቆሎ ስትበላ ሽምብራውን ለይታ ለአባቷ ታስቀምጣለች። ገደል ማሚቶን የሚኖር ሰው እየመሰላት ስሙን ትጠይቀው ነበር። በግጥም አልነበረም፤ ሰው ስለ ሰው እንደሚያወራው ነው። አልጣሽ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ታዳምጣለች። ከዳገቱ አናት ሲደርሱ ነፋሱ በረታና ስንዱ ንግግሯን አቋርጣ ነጠላዋን አጥብቃ ተከናነበች፤ ከዚያም ወደ ከተማው መንገዳቸውን ቀጠሉ።