ድራመኛው ሲፈጥን

አጥናፉ ደብረ ብርሃን ላይ ድራም መትቼ እኖራለሁ ብሎ የተነሳ ምስኪን ነው። ከጊታሪስቱ ተስፋሚካኤልና ቤዝ ከሚጫወተው ሽመክት ጋር ያቋቋሙት የሮክ ባንድ ለእስክስታ አይመችም፤ አንዱ ዘፈን ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ያም ሆኖ ከእነዋሪ እስከ አረርቲ ወጣቱ እየተጋፋ ሰማቸው። ልምምድ ላይ ግን ተስፋሚካኤል አንድ ነገር ማለት አይሰለቸውም ነበር፦ «ፈጥነሃል፣ አጥናፉ!»

ከዚያ የተስፋሚካኤል አባት ሞቱ። ልጁ ሐዘን ተቀምጦ ሳለ አጥናፉ ሌላ ጊታሪስት ፈልጎ አንድ ሆቴል ውስጥ ተጫወተ። ምነው ትንሽ ቢታገስ! ድምፁ እስከ ለቅሶው ድንኳን ድረስ ተሰማ። ባንዱ በዚያው ፈረሰ፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ እንኳ ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር።

ከዓመታት በኋላ ሽመክት ታሞ ሞተ። የቀብሩ ዕለት አጥናፉ የሬሳ ሣጥኑን ሊሸከም ሲጠጋ፣ በወዲያኛው ወገን ትከሻውን የሰጠው ተስፋሚካኤል ሆነ። በዚያ አጥንት ሰርስሮ በሚገባ ብርድ ሣጥኑን ተሸክመው ሄዱ። የአጥናፉ ጣቶች ግን ሳያስበው የሣጥኑን ሥር ሽመክት ይወደው በነበረው የባንዱ ዘፈን ምት ይመቱ ጀመር። ደንግጦ ሊያቆም ሲል ከወዲያ በኩል እንባ ያነቀው ድምፅ ሰማ።

«ፈጥነሃል፣ አጥናፉ።»