ማንም የማያመልጠው ቁጥር

ካርቱም ጀብራ ሰፈር ውስጥ መጋረጃ ያሰፋ ሰው ዘርፈሽን ሳያውቅ አይቀርም። ስሟን ባያውቅ ሳቋን ያውቃል። ከስፌት መኪናዋ ድምፅ በላይ የሚሰማ፣ ሳይታሰብ የሚፈነዳ ሳቅ ነው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ውስጥ አምልጧት፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ወጥታለች፤ ደግነቱ ሐዘንተኞቹ ለቅሶ መሰላቸው። ባሏ ወደ ሊቢያ ብሎ ከካርቱም ወጥቶ፣ ከዓመታት በኋላ ኖርዌይ ሌላ ትዳር መያዙ ሲነገራት ጎረቤቶቿ ሊያጽናኗት ተሰበሰቡ። እሷ ግን «ብርዱን እንዴት ቻለው? እዚህ ካርቱም እንኳን በጥር ካልሲ ደርቦ ነበር የሚተኛው» ብላ አጽናኞቿን አሳቀቻቸው።

የጭልጋ ልጅ ናት። ገና በወጣትነቷ በመተማ ተሻግራ ካርቱም ገባች፤ ሪያድ ሰፈር አንድ ሀብታም ቤት ተቀጥራ ብዙ ዓመት ሠራች። የቤቱ እመቤት በየበዓሉ መጋረጃ ካልቀየረች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ነበረችና፣ ዘርፈሽ መስቀሉም ማውረዱም መስፋቱም እጇ ገባ። ኋላም ጀብራ ላይ ጠባብ ሱቅ ተከራይታ የራሷን የስፌት መኪና ተከለች። ትምህርቷ ግን አራተኛ ክፍል ላይ እንደቆመ ነበር። ለሰፊ መስኮት ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚበቃ በግምት ትቆርጣለች፤ ግምቷም አንዳንዴ ያጥራል፣ አንዳንዴ መሬት ይጠርጋል።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምህረት ጋሽ ሰብስቤ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ልጃቸው ዘንድ ካርቱም መጡ። ሥራ መፍታት አልሆንላቸው አለና አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ በልጃቸው ግቢ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ ጥቁር ሰሌዳ አቁመው ለአዋቂዎች ማስተማር ጀመሩ። ዘርፈሽ የጨርቅ ስሌቴን ላስተካክል ብላ ተመዘገበች።

አንድ አርብ ጋሽ ሰብስቤ ክፍልፋይ ሲያስተምሩ ቆይተው፣ ተማሪው ማዛጋት ሲጀምር ጠመኔውን አስቀመጡ።

«ዘርፌ፣ ጥብጣብ ይዘሻል?»

ከቦርሳዋ የመጋረጃ ማሰሪያ ጥብጣብ አውጥታ ሰጠቻቸው።

«ይህን ለሁለት ልቆርጠው ነው» አሉ በሁለት እጃቸው ወጥረው። «ግን በአንድ ሕግ። ሙሉው የረጅሙን ቁራጭ ስንት እጥፍ ከሆነ፣ ረጅሙም የአጭሩን ልክ ያንኑ ያህል እጥፍ መሆን አለበት። የት ልቁረጠው?»

አንዱ መሐሉ ላይ አለ። ጋሽ ሰብስቤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መሐሉ ላይ ከሆነ ሙሉው የቁራጩ እጥፍ ነው፣ ሁለቱ ቁራጮች ግን እኩል ናቸው። ሌላዋ ሢሶው ላይ አለች። እሱም አልሆነም፤ ረጅሙ የአጭሩ እጥፍ ሲሆን ሙሉው ግን የረጅሙ አንድ ተኩል ብቻ ነው።

«በሁለቱ መካከል አንዲት ቦታ አለች» አሉ። «የጥንት ግሪኮች በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ አገኟት። ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል የሆኑ ባለ አምስት ማዕዘን ቅርጽ ሥሩና ማዕዘኖቹን አንድ አንድ እየዘለላችሁ በመስመር አገናኙ፤ ኮከብ ይወጣል። የኮከቡ መስመሮች እርስ በርስ የሚቋረጡት እዚችው ቦታ ላይ ነው። ኋላ ሰዎች ወርቃማው ምጥጥን አሏት። ቁጥሯን ደግሞ እናንተው ታገኙታላችሁ። ስልካችሁን አውጡ።»

ሁሉም ስልኩን አወጣ።

«የፈለጋችሁትን ቁጥር ጻፉ። አንድን ለዚያ ቁጥር አካፍሉ፤ በሚወጣው ላይ አንድ ጨምሩ። ያገኛችሁትን ይዛችሁ እንደገና አንድን ለእሱ አካፍሉ፣ አንድ ጨምሩ። በቃ፣ አትቁሙ።»

ዘርፈሽ ሰባት ብላ ጀመረች። አንድ ነጥብ አስራ አራት መጣ። ቀጥሎ አንድ ነጥብ ሰማንያ ሰባት። ከዚያ ወደ አንድ ነጥብ ሃምሳ ሦስት ወረደ፣ ወደ አንድ ነጥብ ስልሳ አምስት ወጣ፣ መለስ አለና አንድ ነጥብ ስልሳ ሆነ። ቁጥሩ በሩን እንደሚፈልግ ሰካራም አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያለፈ፣ መንገዳገዱ ግን እያነሰ፣ በመጨረሻ አንድ ነጥብ ስድስት አንድ ስምንት ላይ ቆመ። ብትጫነው ብትጫነው ከዚያ አልነቃነቅ አለ። ከጎኗ የተቀመጠችውን ሴት ስልክ ሰረቅ አድርጋ አየች። ሴትዮዋ ከዘጠኝ መቶ ነበር የተነሳችው፤ እሷም እዚያው ደርሳለች። ወደ ኋላ ዞረች፤ እዚያው። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ የተወለደበትን ዓመት ጽፎ ነበር፤ እሱም እዚያው።

የዘርፈሽ ሳቅ ያኔ ፈነዳ። የኒሙ ዛፍ ወፎች ተነሱ።

ያን ቀን ወደ ሱቋ የተመለሰችው በረክሻ ነው፤ ባለ ሦስት እግሯ መኪና በአቧራው ላይ ስትዘል፣ ዘርፈሽ ሾፌሩን በታርጋው ቁጥር አስጀመረችው። ሾፌሩ በአንድ እጁ እየነዳ በአንድ እጁ ቁልፍ ሲጫን ቆይቶ፣ እንዲያመልጠው የማይፈልገው ነገር እንደመጣ ሰው መንገድ መሐል ቆመ። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ነፉ። «ሰብር፣ ሰብር፣ ትዕግሥት፣ ልትደርስ ነው» አለ ሾፌሩ በዓረብኛ፣ ለመኪኖቹ ይሁን ለቁጥሯ ሳይታወቅ። ዘርፈሽ ሱቋን አልፋ መሄዷን ያወቀችው ሌላ ሰፈር ከደረሰች በኋላ ነው።

በሱቋ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሱዳናዊቷ ዘሃራ ከስኳሩ ማንኪያ ብዛት ጀምራ እዚያው ስትደርስ ስልኩን ከእጇ አራቀችው።

«ዳ ሲህር፣ ወላሂ፤ አስማት ነው» አለች።

«አስማት አይደለም፣ ነይ ላሳይሽ» አለቻት ዘርፈሽ። ወርዱ አንድ ክንድ፣ ርዝመቱ የወርዱ አንድ ነጥብ ስድስት አንድ ስምንት እጥፍ የሆነ ቁራጭ ጨርቅ ዘረጋች። ከጫፉ እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ቆርጣ ጣለች። የተረፈው አነሰ እንጂ መልኩ ያው የመጀመሪያው ነው። ከእሱም ቆረጠች፤ የተረፈው ያው መልክ። ደግማ ቆረጠች። ጨርቁ መሐረብ አከለ፣ የክብሪት ቤት አከለ፣ የአውራ ጣት ጥፍር አከለ፤ መልኩ ግን እናቱን አልለቀቀም። ዘሃራ ትንሿን ቁራጭ መዳፏ ላይ አስቀምጣ አገላብጣ አየቻትና ለዘርፈሽ ሻይ ቀድታ ያለ ክፍያ ሰጠቻት።

ከዚያ በኋላ የዘርፈሽ ልብ ከሥራዋ ሸሸ። ጠዋት፣ ልጅ ሆና ለጥምቀት አዲስ ቀሚስ እንደተገዛላት ቀን፣ ከአልጋዋ ዘላ ትወርዳለች። ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ከሜትሩ በፊት ስልክ ታወጣለች። በመጨረሻም ድፍረቷ ከልክ አለፈና አፏን ሞልታ ተናገረች፤ «ወደዚያ ቁጥር የማይደርስ ቁጥር ያመጣልኝ ሰው፣ የቤቱን መጋረጃ በነፃ እሰፋለታለሁ።»

ወሬው ከጀብራ አልፎ ማዮ ሰፈር ደረሰ። የቀን ሠራተኛው የሲሚንቶ ከረጢቱን ክብደት ይዞ መጣ። የጨርቅ ነጋዴው ሙሄዲን የስልክ ቁጥሩን ሙሉውን አስገባው፤ ያ ሁሉ ቁጥር በሁለት ምት አንድና ሁለት ሆኖ ቀረ፣ ከዚያም እንደ ማንኛውም ተራ ቁጥር እየተንገዳገደ ገባ። ዘርፈሽ በእያንዳንዱ ሽንፈት ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች። ሥራው ግን ተበላሸ። ሪያድ ሰፈር ለሚኖሩ አንዲት ሴት ወፍ ያለበት መጋረጃ ስትሰፋ፣ ሐሳቧ ካልኩሌተሩ ላይ ነበርና ወፎቹን ሁሉ ቁልቁል ዘቀዘቀቻቸው።

ሴትዮዋ ደውለው በትህትና፣ «የእኔ እህት፣ ወፎቼ ምን ሆኑ?» ብለው ጠየቁ። ዘርፈሽ ወፎቹን ልታቃና መሣሪያዋን ይዛ ሄደች።

ሕንፃው ረጅም ነው። ዘበኛው ኑርሁሴን የከሚሴ ሰው፣ አማርኛውን ከሰላምታ በላይ እምብዛም የማያወጣ ጎልማሳ ነው። የጨርቅ ሸክሟን ተቀብሎ ከመሬት በታች ባለው ምድር ቤት በኩል ወደ አሳንሰሩ ወሰዳት። አሳንሰሩ እስኪመጣ ዘርፈሽ ዝም ማለት አልቻለችምና ጨዋታውን ከነውርርዱ ነገረችው። ኑርሁሴን አዳምጦ ሲያበቃ አሳንሰሩ መጣ፤ በሩ ላይ እንደቆሙ ስልኩን አወጣ። ከዚያ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ጣቱን አሳንሰሩ ውስጥ ካሉት ቁልፎች የታችኛዋ ላይ አሳረፈ።

«ከዚህች ልጀምር?»

«ከፈለግከው ጀምር። የቷ ናት?»

«እኔ የምኖርባት። ማይነስ አንድ።»

ዘርፈሽ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ማንም አምጥቶባት አያውቅም። ኑርሁሴን አንድን ለማይነስ አንድ አካፈለ፤ ማይነስ አንድ ወጣ። አንድ ጨመረ፤ ዜሮ ሆነ። አንድን ለዜሮ ሲያካፍል ስልኩ ስህተት ብሎ ጻፈና ቆመ።

«ይሄው» አለ።

ስልኩን ነጥቃ ራሷ ሠራችው። ስህተት። በራሷ ስልክ ሠራችው። ስህተት። ማይነስ ሁለት ሞከረች፤ ትንሽ ዞረና ደረሰ። ማይነስ ሦስትም ደረሰ። ያችኑ አንዲቷን ብቻ ስትነካ ስልኩ ይሞታል። የአሳንሰሩ በር ተከፍቶ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፍቶ ተዘጋ፤ ዘርፈሽ ግን ከአሳንሰሩ ጎን ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች ነበር። መሸነፍ እንደዚህ ደስ እንደሚል ማን ነገራት።

«ኸላስ፣ በቃ ረታኸኝ» አለችው ትንፋሿ ሲመለስ። «አርብ ግን ጋሽ ሰብስቤ ዘንድ ትመጣለህ። ብቻዬን ብነግራቸው አያምኑኝም።»

ኑርሁሴን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ መጣ። ጋሽ ሰብስቤ ነገሩን ሲሰሙ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ለዜሮ ማካፈል አይቻልም። ይህን ሳልነግራችሁ የፈለጋችሁትን ቁጥር ጻፉ አልኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው በራ። «ቆይ፣ ቆይ። ማይነስ አንድ ወደ ዜሮ ከወደቀች፣ ወደ ማይነስ አንድ የሚወድቀውስ ማን ነው?»

ሰሌዳው ላይ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ሄዱ። ማይነስ ግማሽ ወደ ማይነስ አንድ ይወድቃል። ወደ ማይነስ ግማሽ ደግሞ ማይነስ ሁለት ሢሶ። ወደ እሱ ማይነስ ሦስት አምስተኛ፤ ወደ እሱ ማይነስ አምስት ስምንተኛ፤ ወደ እሱም ማይነስ ስምንት አስራ ሦስተኛ። ያመለጡት ቁጥሮች ተራ በተራ ከጉድጓዳቸው ወጡ። ጋሽ ሰብስቤ በአስርዮሽ ጻፏቸው። ዜሮ ነጥብ አምስት፣ ዜሮ ነጥብ ስድስት ስድስት ሰባት፣ ዜሮ ነጥብ ስድስት፣ ዜሮ ነጥብ ስድስት ሁለት አምስት፣ ዜሮ ነጥብ ስድስት አንድ አምስት፤ ሁሉም ማይነስ።

ዘርፈሽ ከወንበሯ ብድግ ብላ ነበር። ይህን አካሄድ ታውቀዋለች። አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ።

«ጋሽ ሰብስቤ» አለች በዝግታ፣ ድምፅ ከፍ ካደረገች ቁጥሩ የሚበር ይመስል፣ «ያመለጡትም ወደዚያው ናቸው እኮ። ስድስት አንድ ስምንት።»

«ማይነስ ዜሮ ነጥብ ስድስት አንድ ስምንት» አሉ ጋሽ ሰብስቤ ሰሌዳው ላይ እየጻፉ። «የወርቃማው ቁጥር መንታ ናት። እሷ ራሷ ልክ እንደ መንትያዋ ከቦታዋ አትነቃነቅም። አሁን ሁለቱን አባዙ።»

ሁሉም ስልኩ ላይ አጎነበሰ። ቀድሞ ቀና ያለው ኑርሁሴን ነው።

«ማይነስ አንድ ሊሆን ምንም አልቀረው» አለ።

«ሙሉውን ብንጽፈው ልክ ማይነስ አንድ ነው» አሉ ጋሽ ሰብስቤ።

«እንግዲያው ወደ ቤቴ መለሳችሁኝ።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ሰብስቤ እንኳን ሰሌዳውን ተደግፈው ሳቁ፤ ቀና ሲሉ ቁጥሮቹ በግልባጭ ኮታቸው ጀርባ ላይ ታትመው ነበር፤ ልጃቸው ላራግፍልዎ ስትላቸው እምቢ አሉ።

የቀረው ውርርዱ ነው። ዘርፈሽ በሚቀጥለው ሳምንት ሜትሯን ይዛ ኑርሁሴን ክፍል ወረደች። ከመኪና ማቆሚያው ጎን ያለች፣ አንድ አልጋና አንድ የጸሎት ምንጣፍ የያዘች ክፍል ናት። ግድግዳውን ዞራ አየችው።

«መስኮቱ የታለ?»

«ምድር ቤት ምን መስኮት አለ» አለ ኑርሁሴን። «ውርርዱን ግን አልተውም። ሰማያዊ ይሁንልኝ።»

ሰማያዊ መጋረጃ ከነጥልፉ ሰፋችለት። ጋሽ ሰብስቤ ስፋትና ቁመቱን በዚያችው ምጥጥን አሰሉላት፤ ጨርቁም ለመጀመሪያ ጊዜ አላጠረም፣ አልተረፈምም። ባዶው ግድግዳ ላይ ብረቱን ተክለው አብረው ሰቀሉት። ኑርሁሴን ወደ ኋላ ፈንጠር ብሎ ካየው በኋላ ቀረበና መጋረጃውን በሁለት እጁ ገለጠው። ግድግዳው ታየ። «ማሽአላህ» ብሎ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ይከፍተዋል፣ ሲመሽ ይዘጋዋል።