መዝገቡን ከውሃ ያወጣው ሰው

ጀርመንኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። በአንዲት የጀርመን ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ በጽዳት ስሠራ፣ ተማሪዎች የጣሏቸውን ደብተሮች ከቅርጫት እያነሳሁ ብቻዬን ተማርኩ። ዛሬም እዚህ ቴክሳስ፣ ሌዊስቪል ካለነው አበሾች እንደ እኔ የሚያነብ ካለ ይምጣ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ላከልኝ። ታሪኩን በመጽሐፍ ሊያወጣ ነው፤ ጎርፍ ምድር ቤቱን የሞላው ጊዜ የድሮዎቹን የተማሪ መዝገቦች ማን እንዳወጣቸው ይጠይቃል። ያወጣቸው አብሮኝ የሚሠራ ያገሬ ሰው ነበር፤ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ባትሪ አበራሁለት። እሱ በኋላ እዚሁ አጠገባችን አዲሰን ከተማ መጥቶ ኖረ፣ እዚያው ሞተ። እኔም አንድ ስህተት በሌለበት ጀርመንኛ “እኔ ነኝ ያወጣሁት” ብዬ ጻፍኩ።

መጽሐፉ የደረሰኝ የመኪና ጋዝ ዋጋ እሳት በሆነበት በዚያ ሰመር ነው። ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳሳይ ወሬው የሟቹ ሚስት ዘንድ ደረሰ።

“ጋሼ፣ ያንን ውሃ ሲያወራልኝ ነው የኖረው” አለችኝ ደውላ። “ከተጻፈለት በሙት ዓመቱ ያንብቡልን።”

እሺ አልኩ።

በዕለቱ ሰው ፊት ቆሜ እየተረጎምኩ አነበብኩ። የእኔ ስም ጋ ስደርስ የእሱን ጠራሁ። ሚስቱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከኋላ አንዱ፣ “አቤት ጨዋነት፣ ራሳቸውን እንኳ አላነሱም” ሲል ሰማሁ። እንደዚያ ቀን ምስጋና ከብዶኝ አያውቅም።

ፍሪስኮ ከተማ ቢሮ የምትሠራው የሟቹ ልጅ መጽሐፉን ተቀበለችኝ።

“ሶ፣ ፎቶው ለምን የእርስዎ ሆነ?”

“የእሱን አጥተው ነው።”

“የአባቴ ስም የቱ ጋ ነው? ያሳዩኝ።”

“ሽማግሌ እንዲህ አይመረመርም” አለቻት እናቷ።

ልጅቷ ገጹን አንድ ጊዜ በጣቷ ወረደችበት። ስም ለመፈለግ ጀርመንኛ ማወቅ አያሻም። “ኦኬ” ብላ ዘግታ መለሰችልኝ።

በማግስቱ ለትምህርት ቤቱ እውነቱን ጻፍኩ። ያንኑ በእንግሊዝኛም ጻፍኩት፤ እሱንም ያስተማረኝ የለም። ሳልልከው አዲሰን ሄጄ፣ ማንም ሳይተረጉምላት እንድታነበው ለልጅቷ ሰጠኋት።

“ጋሼ፣ ምነው ቆሙ፣ ይቀመጡ እንጂ” አለችኝ እናቷ።

ልጅቷ አንብባ እስክትጨርስ አልተቀመጥኩም።