አምና ምን ዘራህ?

ሥራ የጀመርኩት ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዝቅ ብሎ በነበረ፣ ለሞተር ነዳጅ መጥኖ የሚረጨውን የናፍጣ ፓምፕ በሚጠግን ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ የተፈታታ ፓምፕ በናፍጣ ማጠብ ነበር። ማታ እሪ በከንቱ ሰፈር ቤታችን ስደርስ እናቴ ሽታው ቢከብዳት በር ላይ አስቆመችኝ።

አለቃዬ ጋሽ ሙህዬ ጥርስ የማያስከድኑ የወሎ ሰው ነበሩ። አንድ ልማዳቸው ግን ያበሽቀኝ ነበር። ገበሬ የትራክተር ፓምፕ ይዞ ሲመጣ፣ ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት «አምና ምን ዘራህ?» ይሉታል። ወረፋው በር ላይ ተኮልኩሎ ወሬ የሚያበዙ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አላስችለኝ ብሎ ጠየቅኳቸው።

«አንተ የፒያሳ ልጅ፣ መሬት የምታውቀው አስፋልቱን ነው» አሉኝ። «በየዓመቱ ስንዴ ብቻ የሚዘራበት መሬት ይደክማል። በአንድ ጥልቀት ደጋግመህ ስታርሰው ደግሞ ከማረሻው ሥር እየጠጠረ ይሄዳል። ትራክተሩ ከዚያ ጋር ሲታገል ናፍጣ ይጨርሳል፤ ስድቡ ለፓምፕ ይተርፋል።»

እሳቸው ሲያርፉ የፓምፕ መሞከሪያው ማሽን ለእኔ ቀረ። ጥያቄውም አብሮ ቀረልኝ።

አቶ ቱፋ የሚባሉ ገበሬ ከአርሲ የመጡት ያኔ ነው። ከብቶቻቸውን ሸጠው የገዙት ትራክተር የቤተሰቡ እንጀራ ነበር። «ናፍጣ እየጠጣ ጨረሰኝ» አሉ። ፓምፑን ማሽኑ ላይ አስሬ ሞከርኩት። ምንም አልነበረበትም።

«አምና ምን ዘሩ?»

«ስንዴ።»

«ካቻምናስ?»

«ስንዴ ነዋ። ሌላ ምን ይዘራል?»

አንድ ክረምት ባቄላ እንዲዘሩ፣ የጠጠረውን በጥልቅ ማረሻ አንዴ አስብረው ከዚያ የማረሱን ምልልስ እንዲቀንሱ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«መሬቱ የእኩል ነው፤ ምርቱን ከባለቤቱ ጋር ነው የምካፈለው» አሉ። «ባለቤቱ የሚፈልገው ስንዴ ነው፤ ባቄላ ካየ ለሌላ ይሰጠዋል። ደጋግሜ ካላረስኩም ሰነፍ ብሎ ይነጥቀኛል። አንተ ነዳጁን ጨምርልኝና ጉልበት ያግኝ።»

«ብጨምረው ሞተሩ ይቃጠላል። አላደርገውም።»

ፓምፑን በጆንያ ጠቅልለው ወጡ። ፒያሳ ደግሞ የነዳጅ መጨመሪያውን ብሎን የሚያዞር ሰው አይጠፋም።

በዓመቱ ያንኑ ፓምፕ በዚያው ጆንያ ይዘው ተመለሱ። ሌላ ቤት ነዳጁን አስጨምረው ነበር። ትራክተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ አንድ ወቅት አርሶ፣ ፒስተኑ ቀልጦ ቆመ። ሌላውን አካል ለብረት ነጋዴ ሸጠውታል። ማረሻ የሌለው ሰው ምን ያደርግልኛል ብሎ ባለቤቱ መሬቱንም ወስዶባቸዋል። የቀራቸው ፓምፑ ነው፤ ገዢ ያገኝ እንደሆነ እንዳየው ፈለጉ።

ነዳጁን ወደ ልኩ መልሼ ማሽኑ ላይ አስነሳሁት። ድምፁ እንኳ የጠራ ነበር።

«ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ አቶ ቱፋ።»

«ድሮም ደህና ነበር» አሉና ባዶውን ጆንያ አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙት። ተናደድኩ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም።

አሁን ጥገና ቤቱ ፈርሷል፤ እኔም ጡረታ ላይ ነኝ። በሙያው ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ትራክተር ናፍጣ በላ ከተባላችሁ ፓምፑን ከመፍታታችሁ በፊት አምና ምን እንደተዘራ ጠይቁ። ብልሽቱን ታገኙታላችሁ። የእናንተ ቁልፍ የማይደርስበት ቦታ ሊሆን ይችላል።