ለወንድይፍራው ያልነገርኩት መርዶ

እዚህ አሜሪካ፣ በአውሮራም ሆነ በዴንቨር፣ ሐበሻ ቤት ኀዘን ሲገባ መጀመሪያ የሚደወለው ለእኔ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ ሰብስቤ፣ በር አንኳኩቼ፣ ሰው ሳይወድቅ እንዲሰማ አድርጌ መርዶ የምናገር እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እንግሊዝኛውንም፣ የሰው ፀባይ ማወቁንም ያገኘሁት በራሴ ነው። «ጋሼ ተፈራ የነገሩት መርዶ አይሰብርም» ይባላል። እውነት ነው። አሁን የምጽፈውን ግን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም።

ወንድይፍራው የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። የአንድ ከተማ ልጆች ነን፤ ሱዳን ውስጥ በስደት አብረን ከርመን፣ አሜሪካም አብረን ገባን። ቁመቱ በር ይሞላል፣ ልቡ ግን የሕፃን ነው። ነገር ቶሎ ስለማይገባው ያገኘው ሁሉ ያታልለዋል። ከአገር ስንወጣ እናቱ እትዬ ብዙነሽ እጁን እጄ ላይ አድርገው፣ «የሰው መሳቂያ እንዳታደርግብኝ፣ አደራ» አሉኝ።

ፒዮሪያ ስትሪት አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ከአውሮራ ወዲያ ሜዳው ላይ ያለ የፈረስ ማርቢያ ራንች ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አለቃው ሲናገር እኔ እመልስለታለሁ፤ ሲያሾፉበት እኔ እቆጣለታለሁ። እሱ ድርቆሹን ይሸከማል፣ ጋጣውን ይጠርጋል፤ የእኔንም ድርሻ ጭምር። የወገቤን ሕመም አለቃው እንዳያውቅ የሸፈነኝ እሱ ነበር። እኔ ግን፣ «እኔ ባልኖር ምን ይውጥህ ነበር?» እለዋለሁ።

«ጅብ» ይለኛል እየሳቀ።

እሑድ እሑድ አገር ቤት፣ ጎረቤታቸው ዘንድ ደውለን ከእናቱ ጋር ይነጋገራል። ያንን ረጅም የስልክ ካርድ ቁጥር የምመታው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ልብስ ሊያጥብ እንደወረደ ጎረቤቲቱ ራሷ ደወለች። እትዬ ብዙነሽ አርፈዋል። ሰው ሰብስበህ፣ ደግፈህ ንገረው አለችኝ።

በአገራችን ወግ መርዶ ይቆያል፤ ሰውየው እህል እስኪቀምስ፣ ወዳጅ እስኪከበው። ቆይቶ ግን ይነገራል። እኔ ማቆየቱን ወስጄ መንገሩን ተውኩት። ለምን? በዚያ ሰሞን አለቃው ሠራተኛ ሊቀንስ ነበር። ወንድይፍራው ኀዘን ከተቀመጠ ድርቆሹን ማን ይሸከምልኛል? ለራሴ ግን፣ ልቡ አይችልም፣ በረዶው ይለፍ አልኩ። በረዶው አለፈ። ፈረሶቹም ወለዱ። አልነገርኩትም።

እሑድ ሲመጣስ? እናትህ ጉሮሮዋን አሟት መናገር አልቻለችም፣ አንተ ግን ተናገር፣ ትሰማሃለች አልኩት። ቁጥር የመታሁ መስዬ፣ ማንም የሌለበትን ስልክ ጆሮው ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። በዚህ በእጄ። ጢጥ ሲልበት መስመሩ ነው እለዋለሁ። እሱም ድምፅ ባሕር የሚሻገረው በጩኸት ይመስለው ነበርና ይጮሃል።

«እማዬ፣ ውርንጭላዋን ብዙነሽ ብያታለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ» አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እንዴት ብዬ ሳቅሁ? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

በዓመቱ፣ ከአገር ቤት አዲስ የመጣች ሴት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አገኘችው። እግዚአብሔር ያጥናህ፣ የእናትህን ሙት ዓመት በደንብ አውጥተናል አለችው። እኔ መኪናውን ፓርክ አድርጌ ስመጣ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ይመታኛል ብዬ ነበር። ምነው በመታኝ።

«ተፈራ፣ በፋሲካ ዶሮ በላሁ አይደል?»

«አዎ።»

«እማዬ አፈር ውስጥ ሆና?»

የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ከተትኩ።

«ስልኩ ላይ ማን ነበር የሚሰማኝ?»

«ማንም።»

ራሱን ዳበሰ፤ ለእናቱ ሊላጨው ይገባ የነበረውን ፀጉር። ከዚያ «እሺ» አለ። ዕድሜውን ሙሉ ላልኩት ሁሉ እሺ ሲለኝ እንደኖረው።

በማግሥቱ ሌላ ስቴት ሥጋ ፋብሪካ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር ሄደ። ቁጥር የሚመታለት፣ ሲያታልሉት የሚቆጣለት ሳይኖረው። የት እንዳለ አላውቅም። ሞቶ ከሆነም መርዶውን ለእኔ የሚነግረኝ የለም። ልቡ አይችልም ያልኩት ውሸት ነው፤ ያልቻለው የእኔ ወገብ ነበር። ወጣት ነበርኩ፣ ስደተኛ ነበርኩ አልልም። ይቅርታም ከእናንተ አልለምንም፤ የእናንተ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርቻለሁ። ዳውንታውን ከመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ተነሥቼ ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ። ፓርክ ሂል ሰፈር ቤት ገዝቻለሁ። ልጆቼን ኮሌጅ አስጨርሻለሁ። ዕድር አቋቁሜያለሁ። የስንቱን እናት መርዶ ተናግሬ፣ የስንቱን እንባ በጋቢዬ ጠርጌያለሁ። አንድ ልጅ ደግሞ ከእናቱ ለቅሶ አስቀርቻለሁ። እሱንም ማንም አላስተማረኝም።