ከፓፓያው ሥር ያሉ ድንጋዮች

በጃንሆይ ዘመን ድሬዳዋ፣ ጥጥ ፋብሪካ ስሠራ ፈረቃዬ የሚያልቀው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ብናኝ ጥጥ ፀጉሬ ላይ እንደተጣበቀ፣ ማሽኑ ጆሮዬ ውስጥ እየጮኸ ቤቴ እገባለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ መተኛት። የስድስት ዓመት ልጄም የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እኔን ወደ ጓሮ መጎተት።

ጓሮ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ፓፓያ፣ አንድ ሎሚ፣ ዙሪያቸውን ደግሞ ከደረቁ ወንዝ ለቅመን የደረደርናቸው ድንጋዮች። የልብስ እጣቢ እዚያ ስለምደፋ ከድንጋዮቹ ሥር እርጥበት አይጠፋም። በዚያ ንዳድ ጥንዚዛው፣ ጉንዳኑ፣ እንሽላሊቱ ሁሉ እዚያ ይከትማል። ቀን ቀን ልጄን የምትጠብቅልኝ ሙስሊም ጎረቤቴ፣ ድንጋይ ከመገልበጥ በፊት ሦስቴ አንኳኩቶ «ቢስሚላሂ» ማለትን አስተምራታለች፤ ሥሩ ያለው ፍጡር እንዳይደነግጥ። ማተብ ያሰረችው ልጄ ይህን ሳታደርግ ጠጠር አታነሳም ነበር።

«እማ፣ ነይ እዪ!» ስትለኝ «ቆይ» እላታለሁ። ስንት ቀን ቆይ እንዳልኳት እግዜር ይወቀው።

አንድ ቀን ግን «እማ፣ ጊንጥ አለችን! ልጆቿን አዝላለች!» አለችኝ። ደነገጥኩ። ሄጄ እንኳ ሳላይ የላምባውን ጣሳ አንስቼ በድንጋዮቹ ሥር ሁሉ አፈሰስኩና ገብቼ ተኛሁ።

ስነቃ ልጄና ጎረቤቴ ጓሮ ቁጢጥ ብለዋል። ጎረቤቴ ድንጋዩን በእንጨት ገለበጠችው። ጊንጧ ሞታለች፤ ሩዝ የሚያካክሉ ነጫጭ ልጆቿ ከጀርባዋ አልወረዱም።

«አቦ፣ ምነው እቴ?» አለችኝ። «ወላሂ፣ ጊንጥ መግደሉስ ይሁን፤ ሳታንኳኪ ትደፊያለሽ?»

ልጄ አላለቀሰችም። «ሳታያት ገደለቻት» አለች፤ የነገረችው ለጎረቤቴ ነው።

«ብትነድፍሽስ?» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ከጊንጥ ጋር ጨዋታ የለም። ግን እውነት መያዜ ምንም አልረዳኝም።

ከዚያ ወዲያ ልጄ አዲስ ነገር ባገኘች ቁጥር በአጥሩ ሾልካ ጎረቤቴን ትጠራለች። ከአልጋዬ ሆኜ ሁለቱ ሲሳሳቁ እሰማቸዋለሁ። ልቤ ተሰበረ ብል ውሸቴን ነው። «ተመስገን፣ ዛሬም እኔን አልጠራችኝም» እልና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እተኛ ነበር።